ኢብኑ ነፊስ፦ ደም በሳንባ በኩል እንደሚሻገር የጻፉት የደማስቆ ሐኪም

ዛሬ የምናነሳቸው ሰው በሁለት ማዕድ የተቀመጡ ዓሊም ናቸው። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንትን ታሪክ የያዙ ኪታቦች ስማቸውን ከፉቀሃዎች ጋር መዝግበዋል። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ደግሞ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚሻገረው በሳንባ በኩል መሆኑን፣ እስከ ዛሬ ከታወቁት ጽሑፎች ሁሉ ቀድመው በግልጽ የጻፉ ሐኪም ናቸው። እኚህ ሰው ኢብኑ ነፊስ ናቸው፤ ረሒመሁላህ።

ብዙዎቻችን ስማቸውን ሰምተናል። ያገኙት ነገር በትክክል ምን እንደነበረ፣ ዛሬስ የት እንደደረሰ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን እንቃኛለን። እርሳቸው ያነሱት ጥያቄ በየካና በእንጦጦ ኮረብታዎች ግርጌ ለምንኖር ሰዎች ምን እንደሚነግረንም እናያለን።

ትውልድና ትምህርት

ሙሉ ስማቸው አላኡዲን አቡል ሐሰን ዐሊይ ኢብኑ አቢል ሐዝም አል-ቀርሺይ ነው። በ607 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1210 ገደማ) በሻም ምድር በደማስቆ አካባቢ ተወለዱ። እንደዘመኑ ልማድ ፊቅህ፣ ሐዲስ፣ የዐረብኛ ሰዋስውና ሎጂክ ተማሩ። ሕክምናን የተማሩት ደግሞ ኑረዲን ዘንጊ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በደማስቆ ባሠሩት የኑሪ ቢማሪስታን ነው።

ቢማሪስታን በዛሬ ቋንቋ ሆስፒታል ማለት ነው። ግን በሽተኛ የሚታከምበት ብቻ አልነበረም፤ ተማሪዎች በመምህራቸው ኋላ ኋላ እየተከተሉ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚማሩበት ቤትም ነበር። ወጪው የሚሸፈነው በወቅፍ ነው። የኢብኑ ነፊስ መምህር በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩት ሐኪም ሙሀዘቡዲን አድ-ደኽዋር ናቸው። በኋላ የሐኪሞችን ታሪክ በመጽሐፍ ያሰባሰቡት ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓም ከእኚሁ መምህር ተምረዋል።

ዘመኑ ሰላም የሰፈነበት አልነበረም። በአንድ በኩል መስቀለኞቹ በሻም ጠረፍ ነበሩ፤ በሌላ በኩል ሞንጎሎች ከምሥራቅ እየገፉ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1258 ባግዳድ ወደቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ የግብጽ ማምሉኮች ሞንጎሎችን በዐይን ጃሉት አቆሟቸው። ኢብኑ ነፊስ ከዚህ ሁሉ ቀደም ብለው፣ ገና በወጣትነታቸው ወደ ካይሮ ተሻግረው ነበር። ቀሪ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያሳለፉትም በዚያች ከተማ ነው።

በካይሮ

ካይሮ ሐኪምም መምህርም አድርጋ ተቀበለቻቸው። በሆስፒታል እያከሙ፣ በመስሩሪያ መድረሳ የሻፊዒይ ፊቅህ ያስተምሩ ነበር። ከፍ ሲሉ የግብጽ ሐኪሞች አለቃ ሆኑ፤ ሱልጣን ባይበርስንም ያክሙ እንደነበር ተዘግቧል።

በዚያው ዘመን የእኛ አገር ሰዎችም ከካይሮ ጋር ይገናኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1270 የነገሡት ይኩኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክላቸው ደብዳቤ የጻፉት ለዚሁ ለሱልጣን ባይበርስ ነው። በ1285 ደግሞ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሰዎች የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት ጠቅልለው የኢፋትን ኃይል አጠናከሩ። ኢብኑ ነፊስ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። በኋለኞቹ ዘመናትም ከእኛ አካባቢ ለዕውቀት የሄዱ ደረሳዎች በአል-አዝሀር የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ የተማሩት ኢብኑ ነፊስ ያስተምሩት የነበረውን የሻፊዒይን ፊቅህ ነው።

የልብ ግድግዳ ጥያቄ

የኢብኑ ነፊስን ሥራ ለመረዳት ከእርሳቸው በፊት ምን ይታመን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን፣ በዐረብኛ ጃሊኑስ፣ ደም በጉበት ይሠራል ብሎ አስተማረ። ደሙ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ሁለቱን የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉ፣ ዐይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ወደ ግራው ክፍል ይንጠባጠባል አለ። ይህ ትምህርት ከሺህ ዓመት በላይ ቆየ። ታላቁ ኢብኑ ሲናም እ.ኤ.አ. በ1025 ገደማ በጨረሱት አል-ቃኑን ፊ ጢብ በተሰኘው ሥራቸው በዚሁ መሠረት ላይ ቆመው ነበር።

ኢብኑ ነፊስ የቃኑንን የአካል አሠራር ክፍል የሚያብራራ ሸርሕ ጻፉ። ሸርሕ ተሽሪሕ አል-ቃኑን ይባላል። ከቅጂዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1242 የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉን ሲጽፉ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ ማለት ነው። የአንድን ታላቅ ሊቅ ኪታብ ለማብራራት የተቀመጠ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሊቁን ቃል ያፍታታል፣ ያጠናክራል። እርሳቸውም እንደዚያ አደረጉ፤ ልብ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

በልብ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራምና ድፍን ነው አሉ። በዐይን የሚታይ ቀዳዳ የለውም፤ ጋሌን እንዳሰበው የማይታይ ቀዳዳም የለውም። እንግዲያው ደሙ በምን ይሻገራል? መልሳቸው ይህ ነበር፦ ደሙ ከቀኝ ክፍል ወጥቶ በትልቁ ደም ሥር ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በሳንባ ውስጥ ይበተናል፤ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በሌላው ደም ሥር ተሰብስቦ ወደ ግራው የልብ ክፍል ይመለሳል። ወደ ሳንባ የሚወስደው ሥር ግድግዳው ወፍራም፣ የሚመልሰው ደግሞ ስስ የሆነበትን ምክንያትም መረመሩ። በሁለቱ ሥሮች መካከል ረቂቅ መተላለፊያዎች መኖር አለባቸው ብለውም ደመደሙ።

በዚህ አላበቁም። ኢብኑ ሲና ልብ ሦስት ክፍል አለው ሲሉ የጻፉትን አረሙ፤ ሁለት ብቻ ነው አሉ። ልብ የሚመገበው በውስጡ ከሚያልፈው ደም ሳይሆን፣ በራሱ ሥጋ ውስጥ ከተዘረጉ ደም ሥሮች መሆኑንም ጻፉ። ዛሬ የልብ ድካም የሚያስከትሉት፣ ሲዘጉ ሰውን በድንገት የሚጥሉት ሥሮች እነዚሁ ናቸው።

አንባቢ ይህን በራሱ ትንፋሽ ሊፈትነው ይችላል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት የያዘ ሰው ልቡና ሳንባው አብረው ሲፈጥኑ ይሰማዋል። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ከኮረብታው የሚወርዱ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ልብ ቢመታ ሳንባ ካልሠራ ጉልበት የለም፤ ምክንያቱም እያንዳንዷ የደም ጠብታ ወደ እግርና ወደ እጅ ከመሄዷ በፊት በሳንባ ማለፍ አለባት። ኢብኑ ነፊስ ያስቀመጡት መንገድ ይህ ነው።

በዐይን ማየትና በአእምሮ መመርመር

ኢብኑ ነፊስ ሬሳ ቀድደው መርምረዋል ወይ የሚለው ጥያቄ የታሪክ ሊቃውንትን ያከራክራል። በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ ሸሪዓና በተፈጥሯቸው ያለው ርኅራኄ ከዚህ ሥራ እንዳራቋቸው አስፍረዋል። ነገር ግን የልብን ግድግዳ ጉዳይ ሲያነሱ የአካል ምርመራ የጋሌንን ቃል እንደሚያፈርስ ይናገራሉ። ያም ሆነ ይህ መንገዳቸው ግልጽ ነው። የቀደሙትን ሊቃውንት በአክብሮት ያነባሉ፤ የአካል ክፍልን ጥቅም ሲመረምሩ ግን የሰው ስም ብቻውን ማስረጃ ሆኖ አይቆምላቸውም።

ይህን በኢማንና በዕውቀት መካከል የተፈጠረ ጠብ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። እርሳቸው የሐዲስ ዕውቀትን መርሆዎች በተመለከተ የጻፉ ሰው ናቸው። አንድ ዘገባ ማን እንዳስተላለፈው፣ ሰንሰለቱ የት ላይ እንደደከመ መመርመር የለመደ ዓሊም፣ ስለ ልብ ሲጻፍም ማስረጃው የት አለ ብሎ ቢጠይቅ አይገርመንም።

ሁሉንም አገኙ ማለት ግን አይደለም። ደም ከግራው የልብ ክፍል ወጥቶ መላ አካልን ዞሮ እንደሚመለስ አልገለጹም። ይህ ሙሉ ዙር እ.ኤ.አ. በ1628 በእንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይ እስኪጻፍ ቆይቷል። የሰውን ክብር የሚጠብቅለት ያላደረገውን መጨመር ሳይሆን ያደረገውን በትክክል ማወቅ ነው።

ጠባያቸውና የመጨረሻ ቀናቸው

የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ስለ አጻጻፋቸው የሚያስደንቅ ነገር አቆይተውልናል። ለመጻፍ ሲቀመጡ ብዙ ቀለም መቃ ተቀርጾ ይዘጋጅላቸዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ መጽሐፍ ሳያገላብጡ ከአእምሯቸው ያፈሱታል። አንዱ ቀለም መቃ ሲደንዝ ለመቅረጽ ጊዜ እንዳይባክን ይጥሉትና ሌላውን ያነሳሉ። አንድ ቀን በሐማም ገላቸውን ሲታጠቡ ስለ ልብ ትርታ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ወደ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ወጥተው ቀለምና ወረቀት አስመጡ፤ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ጽፈው ተመልሰው ገላቸውን ታጠቡ ይባላል።

አሽ-ሻሚል የተሰኘውን ትልቁን የሕክምና መጽሐፋቸውን በ300 ጥራዝ ሊያወጡት አቅደው 80ውን ፈጽመዋል። ቃኑንን ያሳጠሩበት አል-ሙጀዝ ደግሞ ለብዙ ዘመን የሐኪሞች መማሪያ ሆኖ ከዐረብ አገር እስከ ህንድ ተነብቧል። በሻፊዒይ ፊቅህም፣ በሐዲስም፣ በሲራም ላይ ጽፈዋል።

ትዳር አልመሠረቱም። በካይሮ ጥሩ ቤት ሠርተው፣ ከሐኪሞችና ከዓሊሞች ጋር እየተወያዩ የሚያመሹባት ሰፊ ቤተ መጻሕፍት ነበረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1284 ሱልጣን ቀላውን በካይሮ የመንሱሪን ሆስፒታል አሠሩ። ሴት ወንድ፣ ሀብታም ድሃ ሳይል ሁሉን የሚቀበል፣ በበሽታ ዓይነት ክፍሎቹ የተለዩ ትልቅ የወቅፍ ሆስፒታል ነበር። ኢብኑ ነፊስ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን በሙሉ ለዚህ ሆስፒታል ተናዘዙ።

ሰማንያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ታመሙ። ሐኪም ባልደረቦቻቸው ለመድኃኒት ብለው ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲጠጡ መከሯቸው። እርሳቸው ግን በሆዳቸው አስካሪ ይዘው ወደ አላህ መሄድን አልፈቀዱም ሲሉ ዘጋቢዎች ጽፈዋል። በ687 ዓመተ ሂጅራ ዙል ቀዕዳ 21 (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1288) በዕለተ ጁሙዓ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

የተረሳው ኪታብ

ከሞቱ በኋላ አል-ሙጀዝ በየመድረሳው ሲነበብ፣ የሳንባው መንገድ የተጻፈበት ሸርሕ ግን ወደ ጎን ተተወ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ሐሳባቸውን የጠቀሱ ጥቂት ሸርሕ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ተነስቶ ያስፋፋው፣ የፈተነው፣ የቀጠለው ግን አልተገኘም።

በአውሮፓ ሚካኤል ሰርቬቱስ በ1553፣ ሪያልዶ ኮሎምቦ በ1559 ደም በሳንባ እንደሚያልፍ ጻፉ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደማስቆ ለረጅም ጊዜ የኖረው ጣሊያናዊው ሐኪም አንድሪያ አልፓጎ የኢብኑ ነፊስን አንድ ሌላ ጽሑፍ ወደ ላቲን መልሶ ነበር፤ በ1547 በቬኒስ ታተመ። ሐሳቡ በዚህ በኩል ተሻግሯል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አውሮፓውያኑ በራሳቸው ደረሱበት የሚሉም አሉ።

ለእኛ ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚያመው ሌላ ነው። ሸርሑ በእጃችን ነበር፤ አልከፈትነውም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሙሕዪዲን አት-ተጣዊ የተባሉ ወጣት ግብጻዊ ሐኪም በጀርመን ሲማሩ ቅጂውን በበርሊን ቤተ መጻሕፍት አግኝተው አነበቡት፤ የመመረቂያ ጥናታቸውንም በዚሁ ላይ ሠሩ። ቀጥሎም በካይሮ ይኖሩ የነበሩት ሐኪምና የታሪክ ሊቅ ማክስ ማየርሆፍ ለዓለም አስተዋወቁት። ከጸሐፊው ሞት እስከዚያ ቀን ከስድስት መቶ ዓመት በላይ አልፏል።

ግድግዳው የሚመርጥ በር ሆኖ ተገኘ

ኢብኑ ነፊስ መኖር አለባቸው ያሏቸውን ረቂቅ መተላለፊያዎች በ1661 ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ አያቸው። ከፀጉር የቀጠኑ ደም ሥሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ ግድግዳቸው ገባ፦ ይህ ስስ ግድግዳ ማንን ያሳልፋል፣ ማንን ይከለክላል?

የደም ሥር ውስጠኛ ገጽ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት እንደ ምንጣፍ ተሸፍኗል። እግራችንን እሾህ ቢወጋንና ተህዋሲያን ቢገቡ፣ በዚያ አካባቢ ያለው ሽፋን በገጹ ላይ አጣባቂ ሞለኪውሎችን ያወጣል። በደም ውስጥ በፍጥነት የሚሄደውን ነጭ የደም ሕዋስ መጀመሪያ ሰሌክቲን የሚባሉት ላላ አድርገው ይይዙታል። ሕዋሱ በግድግዳው ላይ እየተንከባለለ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ከዚያ የኢንተግሪን ተራ ይሆናል። ኢንተግሪን በነጩ ሕዋስ ገጽ ላይ ያለ፣ ከሁለት ሰንሰለት የተሠራ ፕሮቲን ነው። በሰላም ጊዜ እንደታጠፈ ክንድ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። ከሽፋኑ ኬሚካዊ መልእክት ሲደርሰው ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ መዳፉን ይከፍታል፤ በሽፋኑ በኩል ያሉትን አይካም-1 እና ቪካም-1 የተባሉ ሞለኪውሎች ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ነጩ ሕዋስ ይቆማል፤ ከዚያ በሽፋኑ ሕዋሳት መካከል ራሱን አቅጥኖ ወደ ቁስሉ ይሻገራል። ስለዚህ የደም ሥር ግድግዳ እንደ ጋሌን አሳብ ዝም ብሎ የሚያንጠባጥብ ወንፊት አይደለም። ማን መቼ እንደሚያልፍ የሚለይ በር ነው።

ይህ ጨብጦ መያዝ ሲጓደል ምን እንደሚሆን በሕፃናት ላይ ታይቷል። ከኢንተግሪን ሰንሰለቶች አንዱ በውርስ የጎደላቸው ጨቅላዎች እትብታቸው ቶሎ አይወድቅም፤ ቁስላቸው መግል ሳይቋጥር ይሰፋል፤ ኢንፌክሽን ይደጋገምባቸዋል። በደማቸው ውስጥ ነጭ ሕዋስ ሞልቷል፤ ከመንገዱ ወጥቶ ቁስሉ ጋ መድረስ ግን አይችልም። በተቃራኒው በሩ ያለ አግባብ ሲከፈት ደግሞ ነጭ ሕዋሳት በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ እየተከማቹ ከስብ ጋር ሥሩን ያጠባሉ። ለልብ ድካምና ለስትሮክ ከሚያበቁ መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

የወባ ጥገኛ ተህዋስም ይህን መያዣ ይሰርቃል። ፋልሲፓረም የተባለው ዝርያ የገባበት ቀይ የደም ሕዋስ፣ ተህዋሱ በሚሠራው ፕሮቲን አማካይነት አይካም-1ን በመሳሰሉ ሞለኪውሎች ላይ ይጣበቃል። ይህ በአንጎል ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲሆን በሽተኛው ራሱን ይስታል። የእንጦጦ ብርድ የወባን ትንኝ ያርቃል። ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት የያዘው የየካ ነዋሪ ግን ጤና ጣቢያም ሆነ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሳይዘገይ መሄድ ያለበት ለዚህ ነው።

በደጋ የሚኖር ሳንባ

የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሦስት አንድ ገደማ ያንሳል። ኦክሲጅን ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ልብም ደሙን ለመግፋት የበለጠ ይታገላል።

ተመራማሪዎች ይህን በአማራ ክልል ደገኞች ላይ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው ሄሞግሎቢን በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩት እምብዛም እንደማይለይ አሳየ። በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የደገኞቹ የሳንባ ደም ግፊት ከፍ ቢልም፣ ምክንያቱ የሥሮቹ መጥበብ ሳይሆን በሳንባ የሚያልፈው ደም መብዛቱ መሆኑን አመለከተ። የደማስቆው ሐኪም በአእምሯቸው የተከተሉት መንገድ በእኛ ደጋ ሰፍቶ ተገኘ ማለት ነው።

ከሕይወታቸው የምንወስደው

በሊቃውንቶቻችን መኩራት ቀላል ነው። የእነርሱን ልማድ መያዝ ግን ይከብዳል። ኢብኑ ነፊስ የሚያከብሩትን ኢብኑ ሲናን ያነበቡት በትጋት ነው፤ በትጋት ስላነበቡም ስህተቱን አገኙ። ለሊቅ የሚገባው አክብሮትም ይህ ይመስለናል።

ሁለተኛው አደራ የኪታቦቹ ነው። በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ፣ በየመስጂዱ መደርደሪያ ላይ በዐረብኛና በዐጀም የተጻፉ ስንት ቅጂዎች እንዳሉ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። አንዳንዶቹ በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና በሐረር ሙዚየም ተጠብቀዋል፤ ብዙዎቹ ግን ለጢስ፣ ለምስጥና ለገበያ የተጋለጡ ናቸው። የአያቱን ኪታብ የያዘ ሰው ቢያንስ ከዝናብና ከምስጥ ይጠብቀው፤ ለሚያነብ ሰው ያሳየው፤ ገጹን ፎቶ ያስነሳው። የዐረብኛ ችሎታ ያላቸው የሕክምናና የሳይንስ ተማሪዎቻችንም አንድ ጁሙዓ ከሰዓት ለእነዚህ ገጾች ቢሰጡ፣ እንደ አት-ተጣዊ በርሊን ድረስ መሄድ አይጠበቅባቸውም።